አጥንት ውስጥ የገባን ብረት ከኢንፌክሽን መጠበቅ

ለተሰበረ አጥንት የሚገባ ብረትም ሆነ ለዳሌ የሚተከል ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የራሱ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ በቆዳችን ላይ የሚኖሩት እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች አንድ ጊዜ ከደረሱበት፣ ባዮፊልም የሚባል አዝለግላጊ ሽፋን ሠርተው ይደበቁበታል፤ ከዚያ በኋላ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያጠራቸውም። ዋናው ጥንቃቄም ባክቴሪያው ብረቱ ጋ ሳይደርስ የሚደረገው ነው።

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ ከሆነ የተበላሸ ጥርስን፣ የቆዳ ቁስልን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን አስቀድሞ መታከም፣ ስኳርን ማስተካከል፣ ሲጋራንም ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ማቆም ይገባል። በዋዜማው ወይም በዕለቱ ጠዋት ገላን በሳሙና መታጠብ ግድ ስለሆነ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ቢያስፈራም ውኃ አሙቆ መታጠብ ነው። የሚቀደደውን ቦታ ግን በምላጭ አይላጩ፤ ምላጭ ዓይን የማያያቸው ጭረቶችን ይተዋል። መከላከያ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት፣ በአብዛኛው በ60 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ አስቸጋሪው ነገር ቤቱ ራሱ ነው። የመንዝ ባና ለብርዱ አቻ የለውም፤ ነገር ግን አቧራና የበግ ጠጉር ስለሚይዝ ቁስሉን እንዳይነካው የታጠበ አንሶላ በመካከል ይነጠፍ። ፋሻው የሚነካው በሳሙና በታጠበ እጅ ብቻ ነው፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስቀየር ይሻላል። ቅቤም ሆነ እምነት (የተባረከ አፈር ወይም አመድ) ስፌት ላይ አይደረግም። ሸንኮራ ዮሐንስ ለመጠመቅ የተሳለ ሰው ቁስሉ ፈጽሞ መድረቁን ሐኪሙ እስኪያረጋግጥለት ይቆይ፤ ይህን ለአጥማቂው መንገር ነውር የለውም። ወጌሻም ብረት የገባበትን ቦታ ማሸት የለበትም።

ቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል ካወጣ፣ መቅላቱና ሙቀቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቀንሶ የነበረ ሕመም ከተመለሰ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራበት ሆስፒታል ይመለሱ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን፣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥን፣ በብርቱ እቃወማለሁ፤ መድኃኒቱ ምልክቱን ለጊዜው ያደበዝዛል፣ ለምርመራ ከሚወሰደው ናሙና ውስጥም ባክቴሪያው እንዳይገኝ ያደርጋል። ቶሎ ከተደረሰበት ብረቱን ሳያወጡ በቀዶ ሕክምና አጥቦ ማዳን የሚቻልበት ዕድል አለ፤ ሲቆይ ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱ መውጣት ይኖርበታል።

ባክቴሪያ ከዓመታት በኋላም በደም ተጉዞ ብረቱ ጋ ሊደርስ ስለሚችል፣ የእግር ቁስልም ሆነ የጥርስ መግል በቸልታ አይታለፍ። ለሚያክምዎት ባለሙያ ሁሉ ብረት እንዳለብዎት ይንገሩ፤ የመውጫ ወረቀቱንና የራጅ ፊልሙንም ጭስና እርጥበት ከማይነካው ቦታ ያኑሩ።