ጃንጎ ላይ ፎርም እንደ ከፋቹ ሰው ቀድሞ ተሞልቶ እንዲመጣ እንዴት እንደሚሠራ

ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች እህል ለሚረከብ ማኅበር በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የመረከቢያ ፎርም እየሠራችሁ ነው እንበል። ፎርሙ ወረዳ፣ የእህል ዓይነት፣ ቀንና ኩንታል ይጠይቃል። እነዋሪ ያለው መዝጋቢ «ሞረትና ጅሩ፣ ስንዴ» ሲመርጥ ይውላል፤ አረርቲ ያለችው «ምንጃር ሸንኮራ፣ ጤፍ»፣ መሐል ሜዳ ያለው ደግሞ «ገብስ»። የየራሳቸው ተሞልቶ ቢጠብቃቸው የሚቀራቸው ኩንታሉን መጻፍ ብቻ ነው።

ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው የሚታወቀው መቼ ነው? «ኢኒሻል»፣ ማለትም ፊልዱ ላይ ቀድሞ ተሞልቶ የሚታየው ዋጋ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው።

1. ኮዱ ሲጻፍ የሚታወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ መለኪያው ሁልጊዜ ኩንታል ከሆነ፣ ፎርሙ ክላስ ውስጥ ፊልዱ ላይ «ኢኒሻል» ብላችሁ ስጡት። አለቀ።

2. ፎርሙ ሲከፈት የሚታወቅ ከሆነ፣ እንደ ዛሬ ቀን፣ የጃንጎ «ታይምዞን» ውስጥ ያለውን «ሎካልዴት» የተባለ ፈንክሽን ለኢኒሻል ስጡ፤ ቅንፍ ግን አትጨምሩበት። ቅንፍ ካለው ፓይተን ፋይሉን ሲጭን አንዴ ጠርቶት ያበቃል፤ ሰኞ የተነሳ ሰርቨር ሐሙስም የሰኞን ቀን ያሳያል። ያለ ቅንፍ ከሆነ ጃንጎ ራሱ ፎርሙ በተከፈተ ቁጥር ይጠራዋል። ስህተቱ ተንኮለኛ ነው፦ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ኮድ በነካችሁ ቁጥር ሰርቨሩ እንደገና ስለሚነሳ ቀኑ ሁሌም ትክክል ይመስላል።

ሴቲንጉንም እዩት። አዲስ የጃንጎ ፕሮጀክት የሰዓት ቀጠናው ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ሆኖ ነው የሚፈጠረው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ወደ አዲስ አበባ ካልቀየራችሁት ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተከፈተ ፎርም የትናንቱን ቀን ይዞ ይመጣል። ቀኑ የፈረንጆች መሆኑንም አትርሱ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

3. የገባው ሰው ማንነት የሚወስነው ከሆነ ቦታው ቪው፣ ማለትም የሰውየውን ጥያቄ (ሪኩዌስት) ተቀብሎ ገጹን የሚመልሰው ኮድ ነው። አዲስ መዝገብ የሚፈጥረውን የጃንጎ ክላስ «ክሪኤትቪው»ን ከተጠቀማችሁ «ጌት ኢኒሻል» የተባለውን ሜተድ በራሳችሁ ጻፉ፦ መጀመሪያ በ«ሱፐር» የወላጁን ጥሩና የሚመልሰውን ዲክሽነሪ ተቀበሉ፤ ከሪኩዌስቱ ዩዘር ፕሮፋይል ወረዳውን አውጡ፤ ወረዳውንና እህሉን ዲክሽነሪው ላይ ጨምሩና መልሱት። የጃንጎ ዩዘር ወረዳ የሚባል ነገር ስለሌለው ፕሮፋይሉን ቀድማችሁ መሥራት አለባችሁ። ሱፐር የሚሰጣችሁ ኮፒ ነው። እሱን ዘላችሁ ክላሱ ላይ የተጻፈውን ዲክሽነሪ ብትነካኩ የአንዱ ወረዳ ለሌላው ሰው ይተርፋል። ቪዋችሁ ተራ ፈንክሽን ከሆነ ፎርሙን ስትፈጥሩ ዲክሽነሪውን «ኢኒሻል» ብላችሁ አብራችሁ ላኩ፤ ይህ ፊልዱ ላይ የጻፋችሁትን ይሽራል።

4. የማረሚያውን ገጽ ለይታችሁ ያዙ። ሞዴልፎርም (ከዳታቤዙ ሞዴል የሚሠራ ፎርም) የቆየ መዝገብ ሲከፍት፣ ከቪው የተላከ ኢኒሻል ዳታቤዙ ውስጥ ካለው ዋጋ ይቀድማል። አረርቲ ላይ ትናንት ሽምብራ ተብሎ የተመዘገበው ለእርማት ሲከፈት ጤፍ ሆኖ ይታያል፤ መዝጋቢዋ ሳታስተውል «አስቀምጥ» ካለች እውነትም ጤፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ያንን ጌት ኢኒሻል የቆየ መዝገብ በሚያርመው «አፕዴትቪው» ላይ አትድገሙት።

5. ፎርሙ ባዶ ፊልድ ይዞ ከተላከ ኢኒሻል ክፍተቱን አይሞላም፤ ሥራው ማሳየት ነው። ወረዳው እንዲታይ ግን እንዳይለወጥ ከፈለጋችሁ ፊልዱን መደበቅ አይበቃም፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ከብራውዘሩ ይቀይረዋል። ፊልዱ ላይ «ዲሴብልድ»ን ትሩ አድርጉት። ያኔ ጃንጎ የተላከውን ንቆ ኢኒሻሉን ይወስዳል። በተራ ፈንክሽን የምትሠሩ ግን ፎርሙ ተሞልቶ ሲመለስም፣ ማለትም በፖስት ጊዜ፣ ያንኑ ኢኒሻል ደግማችሁ ማቀበል አለባችሁ።