የስታፎርድ ጋምቢት በሦስት ደቂቃ ጨዋታ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ከሥራ በኋላ ቡና ላይ የምንሰበሰብ የቼዝ ወዳጆች አለን። አቦሉ ከተቀዳ ጀምሮ በረካው እስኪደርስ ድረስ በየስልካችን የሦስት ደቂቃ ጨዋታ እንገጥማለን። ጥቁር ሲደርሰን ብዙዎቻችን የምንመርጠው የስታፎርድን ጋምቢት ነው፤ ጋምቢት ማለት ለጥቅም ሲባል ወታደር መሥዋዕት የሚደረግበት አከፋፈት ነው። እኔም በጣም እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ጓደኞቼ ያለአግባብ ሲሸነፉበት ማየት ያንገበግበኛል።

ለማያውቁት አመጣጡን ላስረዳ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5 ያወጣሉ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ፣ ጥቁር ደግሞ ኤፍ6 ላይ ያቆማሉ። ነጭ የኢ5ን ወታደር በፈረሱ ሲበላ፣ ጥቁር ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ሲ6 ያመጣል። ነጭ ያንን ፈረስ ይበላል፤ ጥቁርም በዲ7 ወታደሩ መልሶ ይበላል። በሂሳቡ ጥቁር አንድ ወታደር ጎድሎበታል። በምትኩ ለሁለቱ ቢሾፖችና ለንግሥቲቱ መንገድ ተከፍቷል።

የመጀመሪያው ስህተት ይህን ጋምቢት ትክክለኛ አጨዋወት ነው ብሎ ማመን ነው። አሜሪካዊው ዓለም አቀፍ ማስተር ኤሪክ ሮዘን በኢንተርኔት ጨዋታዎቹ በሰፊው አስተዋውቆታል፤ ሆኖም ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም ብትጠይቁት ነጭ በግልጽ እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። በወታደሩ የምትገዙት የተቃዋሚያችሁን ሰዓትና ድንጋጤ ነው። በረጅም ሰዓት ውድድር ላይ ግን ተቃዋሚያችሁ ተረጋግቶ ስለሚያስብ የገዛችሁት ነገር አይኖርም።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከፋው፣ ያማረችውን ማጥመጃ ብቻ ሸምድዶ መቀመጥ ነው። ሁሉም የሚያውቃት ይህች ናት፦ ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ3 ይገፋል፣ ጥቁር ቢሾፑን ሲ5 ላይ ያኖራል፣ ነጭ ቢሾፑን ጂ5 ላይ አድርጎ ፈረሱን ከንግሥቲቱ ጋር ያስራል፤ ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቲቱ ትጋለጣለች ማለት ነው። ጥቁር የታሰረውን ፈረስ አንስቶ የኢ4ን ወታደር ይበላል። ነጭ ንግሥቲቱን ከበላ፣ ቢሾፑ ኤፍ2 ላይ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ወደ ኢ2 ይወጣል፣ ሌላኛው ቢሾፕ ጂ4 ላይ ሲደርስ ጨዋታው አበቃ። በዚህ ስታሸንፉ ደስታው ልዩ ነው።

ግን ነጭ ንግሥቲቱን ባይበላስ? ቢሾፑን ወደ ኢ3 ሲመልስባቸው ሰዓታቸው እየሮጠ የሚደነግጡ ጓደኞች አሉኝ። መልሱ አለ። ቢሾፑን በቢሾፕ ብሉት፤ ነጭ በወታደሩ መልሶ ሲበላ ንግሥታችሁን ኤች4 ላይ አድርጋችሁ ቼክ በሉ። ነጭ በጂ3 ወታደር ከከለለ ፈረሳችሁ ያንን ወታደር ይብላ፤ ፈረሱን በኤች ወታደሩ ቢበላ ጥጉ ላይ ያለው ግንብ የንግሥታችሁ ነው።

ከዚህም በላይ ልታጠኑት የሚገባው የነጭን ትክክለኛ መልስ ነው። በዲ3 ፋንታ ወታደሩን ወደ ኤፍ3 የሚገፋ ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። ወይም ከዲ3 በኋላ ቢሾፑን በእርጋታ ኢ2 ላይ ያኖራል፣ ቀጥሎ ሲ3፣ ቀጥሎ ዲ4 እያለ ለሲ5 ቢሾፓችሁ ወደ ኤፍ2 የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ማጥመጃው ከሸፈ ብሎ እጅ መስጠት አያስፈልግም። የኤች ወታደራችሁን ወደ ኤች5 ግፉ፣ ፈረሱን ጂ4 ላይ አቁሙ፣ ንግሥቲቱን ወደ ኤች4 ወይም ወደ ኤፍ6 አውጥታችሁ ኤፍ2ን አስጨንቁ። አሁንም የሚበልጠው ነጭ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ማሰብ ያለበት እሱ ነው።

ሰዓትን ማባከን ሦስተኛው ነው፤ እኔን ብዙ ጊዜ የጎዳኝም ይህ ነው። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ ማለትም በቆየው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር። የስታፎርድን የመጀመሪያ ስድስት ሰባት እርምጃዎች በዚያ መንፈስ መጫወት ይገባል። ጥቁር ራሱ አርባ ሰከንድ ከተጨነቀ ወታደርም ሰዓትም አጣ ማለት ነው።

ፍጥነት ስል ግን ጭፍን ፍጥነት ማለቴ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ነጭ ገና ሳይንቀሳቀስ ቢሾፑን ወደ ሲ5 ቀድመው የሚያዝዙ አሉ። ነጭ በዲ3 ፋንታ ወታደሩን ወደ ዲ4 ቢገፋ ቢሾፑ በነጻ ይበላል፤ ወደ ኢ5 ቢገፋ ደግሞ ፈረሱ ይበላል። አንድ ሰከንድ ጠብቃችሁ ብታዩ ኖሮ ለዲ4 መልሱ የኢ4ን ወታደር በፈረስ በልቶ ሂሳቡን ማስተካከል ነበር። ለኢ5 ደግሞ ፈረሱን ወደ ኢ4 ማስገባት ነው፤ ያኔ ነጭ ዲ3 ብሎ ፈረሱን ሊያባርር ከሞከረ ቢሾፑ ወደ ሲ5 ይወጣል። ፈረሱን ቢበላ ቢሾፑ ኤፍ2 ላይ ቼክ ይልና ንግሥቲቱ ትጠፋበታለች።

ንግሥቶችን መለዋወጥ አይገባም። ወታደር ጎድሎበት ንግሥት የሚለዋወጥ ሰው ለተቃዋሚው እረፍት ይሰጣል።

በመጨረሻም በአንድ ሰው ላይ መላልሶ መጫወት አለ። የተሸነፈው ሰው «ድገመኝ» ሲል መልሱን ፈልጎ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ላይ ከጎናችሁ የተቀመጠው ወዳጃችሁ ከሆነማ ጨዋታውን ከትከሻችሁ በላይ ሲያይ ነው የቆየው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ሲ6 ሳይሆን ወታደሩን ወደ ዲ6 አውጡበት። ይህ የታወቀው የፔትሮቭ መከላከያ ነው፤ የነጭ ፈረስ ሲሸሽ የኢ4ን ወታደር በልታችሁ ሂሳባችሁን ታስተካክላላችሁ።