ዲኤንኤው አልታይ ሲል፦ በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ሪፋይን ማድረግ ለጀመሩ

የፕሮቲንና የዲኤንኤ ጥምር ክሪስታሉ በስንት ልፋት አድጎ የኤክስሬይ ዳታው ሬዞሉሽን (ዳታው የሚለየው ትንሹ ዝርዝር) 3.5 አንግስትሮም ላይ ቀጥ ብሎባችኋል እንበል። አሁን ሪፋይን ልታደርጉ ነው፣ ማለትም የአተሞቹን ሞዴል ከዳታው ጋር እንዲገጥም ደጋግማችሁ ልታስተካክሉ። አይዞን፣ ይሠራል። ግን በዚህ ደረጃ ዳታው ብቻውን ብዙ አያወራም። የጎደለውን የምትሞሉት ስለ ኬሚስትሪው አስቀድሞ በሚታወቀው ነገር ነው።

አር-ወርክ ይወርዳል፣ አር-ፍሪ ንቅንቅ አይልም

አር-ወርክ ሞዴሉ ከተስተካከለበት ዳታ፣ አር-ፍሪ ደግሞ ለፈተና ተለይቶ ከተቀመጠ ዳታ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካሉ፤ ሲያንሱ ይሻላል። አር-ወርክ 22 በመቶ፣ አር-ፍሪ 33 በመቶ ከሆነ ሞዴሉ ዳታውን ሸምድዷል እንጂ አልገባውም። እያንዳንዱ አተም ሦስት የቦታ ቁጥርና አንድ ቢ-ፋክተር (የአተሙ መወዛወዝ መለኪያ) ይፈልጋል፤ አራት መሆኑ ነው። በዚህ ሬዞሉሽን የሪፍሌክሽኑ (ከክሪስታሉ የተለካው የኤክስሬይ ነጥብ) ብዛት ለዚያ ሁሉ አይበቃም።

መፍትሄው ቁጥሮቹን መቀነስ ነው። ቢ-ፋክተሩን ለአተም ሳይሆን ለሬዚዱ (ለአንዱ አሚኖ አሲድ ወይም ኑክሊዮታይድ) በቡድን ስጡ፣ ቲኤልኤስ (የአተም ቡድን እንደ አንድ አካል ሲንቀሳቀስ የሚገልጽ ስሌት) ጨምሩ። የፕሮቲኑ ጥሩ ሬዞሉሽን ያለው መዋቅር ካለ እንደ ማጣቀሻ ሞዴል ወስዳችሁ የእናንተን ሞዴል ከእሱ ጋር እሰሩት። ለኤክስሬይ ዳታው የተሰጠው ክብደት በዝቶ ከሆነም ቀንሱ። የውሃ ሞለኪውል የጨመራችሁም አውጡት፣ በ3.5 ውሃ አይታይም። አር-ፍሪ የሚሰላበትን ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ዳታ ግን መሃል ላይ እንዳትቀይሩ። ፈተናውን ቀድሞ ማሳየት ነው የሚሆነው።

ቤዞቹ ይጣመማሉ፣ ጥንዶቹ ይላቀቃሉ

ጀማሪን በጣም የሚያደክመው ይሄ ነው። ዲኤንኤ ላይ ቤዞቹ (ኤ፣ ጂ፣ ሲ፣ ቲ የሚባሉት ፊደሎቹ) የሚደራረቡት በ3.4 አንግስትሮም ርቀት ነው። ዳታችሁ 3.5 ከሆነ በሁለት ቤዞች መካከል ያለው ክፍተት አይታይም፤ ማፑ (ኤሌክትሮኖቹ የት እንደበዙ የሚያሳየው ካርታ) ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ብቻ ነው ያለው። ሶፍትዌሩ ታዲያ ቤዙን ወዳሻው ያዘነብለዋል።

በኤሌክትሮን የበለጸገው ፎስፌት ስለሆነ ጉብ ጉብ ብሎ የሚታየው እሱ ነው። ቀጥ ያለ ቢ-ዲኤንኤ (የተለመደውን የዲኤንኤ ቅርጽ) ወስዳችሁ ኩት በተባለው የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ በፎስፌቶቹ ጉብታ አስቀምጡት። ከዚያ የቤዝ ጥንድ፣ የመደራረብና የጠፍጣፋነት ሪስትሬይንት (ሞዴሉ ከሚታወቀው ቅርጽ እንዳይርቅ የሚያስር ገደብ) አብሩ። ሪፋይን የሚያደርገው ሶፍትዌር ፌኒክስ ጥንዶቹን ራሱ ይፈልጋል፤ ሞዴሉ ቀድሞ ከተበላሸ ግን አያገኛቸውም፣ በእጃችሁ መጻፍ አለባችሁ። በጥንድ ቤዞች መካከል ያለው የሃይድሮጅን ቦንድ 2.9 አንግስትሮም አካባቢ መሆን አለበት።

ሁሉንም በጭፍን ማሰርም ልክ አይደለም። ታታ ቦክስ (ጂን መነሻ አጠገብ ያለ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) ላይ የሚቀመጠው ፕሮቲን ዲኤንኤውን 80 ዲግሪ ገደማ ያጥፈዋል። ቤዝ ከሄሊክሱ ገልብጠው የሚያወጡ ኢንዛይሞችም አሉ። ጥርጣሬ ካለ ያንን ክፍል አውጥታችሁ የኦሚት ማፕ ሥሩ፣ ሪስትሬይንቱ ከዚያ በኋላ።

ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው፣ ፕሮቲኑ ግን የማይሆን ቤዝ ነክቷል

እዚህ ጋ እኔም ተሸውጃለሁ። አር-ፍሪ ጥሩ፣ ጂኦሜትሪው ጥሩ፣ ግን ጓኒን ላይ ማረፍ ያለበት አርጂኒን ቲሚን ላይ አርፏል። ቅደም ተከተሉ በአንድ ጥንድ ተንሸራቶ ነበር። በዚህ ሬዞሉሽን ፒዩሪን (ኤ እና ጂ) እና ፒሪሚዲን (ሲ እና ቲ) ስለሚመሳሰሉ አር-ፍሪ ስህተቱን እምብዛም አይነግራችሁም።

ሁነኛው መላ ዲኤንኤው ሲሠራ አንዱን ቲሚን በ5-አዮዶዩራሲል ወይም በ5-ብሮሞዩራሲል መተካት ነው። አዮዲኑ የቲሚን ሜቲል የነበረበት ቦታ ይቀመጥና አኖማለስ ዲፈረንስ ማፑ (እንደ አዮዲን ያለ ከባድ አተምን ለይቶ የሚያሳየው ማፕ) ላይ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ጉብታው የወጣበት ቤዝ ያ ቲሚን ነው፣ ክርክር የለም። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ብታደርጉት ደግሞ አቅጣጫውም ይታወቃል። አንድ አዮዲን ብቻ አስገብታችሁ ሁለቱም ክሮች ላይ እኩል ደካማ ጉብታ ካያችሁ፣ ዲኤንኤው ክሪስታሉ ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ተደባልቆ ገብቷል ማለት ነው። ሁለቱንም በ0.5 ኦኩፓንሲ (እያንዳንዱ ግማሽ ድርሻ እንዲይዝ) ሞዴል አድርጉ። ያንን ከማድረጋችሁ በፊት ግን የክሪስታሉ ሲሜትሪ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ተመርጦ እንደሆነ አጣሩ።

ሶፍትዌሩ ዲኤንኤውን አርኤንኤ ነው ይላል

የስም ጉዳይ ነው። የድሮ ፋይል ላይ ቤዞቹ ኤ፣ ጂ፣ ሲ፣ ቲ ተብለው ይጻፋሉ፤ አሁን ነጠላው ፊደል የአርኤንኤ ስለሆነ ዲኤ፣ ዲጂ፣ ዲሲ፣ ዲቲ መሆን አለባቸው። ቀይሩት፣ አለቀ።

የዲኤንኤው ጫፍ ጠፍቷል

የጎረቤት ሞለኪውሎችን አሳዩና ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የአንዱ ዲኤንኤ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ተደራርቦ ረጅም ዘንግ ይሠራል፤ ጠፋ ያላችሁት ቤዝ እዚያ መጋጠሚያ ላይ ይገኛል። ማፑን በኔጌቲቭ ቢ-ፋክተር ስል (ጥርት ያለ) አድርጉት፤ ኖይዙም አብሮ ስለሚያድግ ግን ያልተሳለውን ጎን ለጎን ክፈቱ። ሁለቱም ላይ ምንም ከሌለ ቤዙን አትሥሩት።