የሕፃኑ ቆዳ ለምን ደረቀ? ከምልክቱ ተነስቶ መፍትሄ ፍለጋ

ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት ጉንጮቿና ክንዶቿ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከሩ። አማቴ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ጎረቤቴ ግሊሰሪን ሰጠችኝ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ "መድኃኒቱ የወይራ ዘይት ነው" አለችኝ። ሁሉንም በየተራ ሞከርኩ። "ንጹሕ ትሁን" እያልኩም ጠዋትና ማታ አጥባት ነበር። ጭራሽ ቆዳዋ መሰነጣጠቅ ጀመረ።

ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ዶክተሯ ቅባት ከማዘዟ በፊት ጥያቄ ጀመረች። "በሳምንት ስንቴ ታጥቢያታለሽ? ውሃው ምን ያህል ይሞቃል? ልብሷን በምን ታጥቢያለሽ? ድርቀቱ የት ጀመረ? ሌሊት ትነጫነጫለች?" እኔ ስመልስ መንስኤው ራሱ እየወጣ መጣ። ከዚያ ወዲህ የልጄ ቆዳ ደረቀ የሚለኝ ወላጅ ሲገጥመኝ "ምን ቀባሽው?" አልልም። "የት ነው? መቼ ነው የሚብሰው?" ነው የምለው። ይህንንም የጻፍኩት በዚያው መንገድ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር። የሕፃን ቆዳ ከእኛ ቆዳ ስስ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ከውጭ የሚነካው ነገር ደግሞ ቶሎ ይገባል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ስለሆነ ችግሩ ያን ሰሞን ይብሳል። ውጭ አገር ላላችሁ የክረምቱ ማሞቂያ፣ ዓረብ አገር ላላችሁ ደግሞ ቀን ከሌት የሚሠራው ኤሲ ያንኑ ያደርጋል።

ገላው ከታጠበ በኋላ ቆዳው ይወጠራል፣ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ቆዳው በተፈጥሮ ያለውን ቅባት ጠርገው ይወስዱታል። ቅባቱ ሲሄድ ውሃውን የሚይዘው ነገር የለም። ጀርም ይገድላል ተብሎ ሳፋው ውስጥ ዴቶል ጠብ ማድረግም የተለመደ ነው። ለሕፃን ቆዳ ይህ የሚያቃጥል ነገር ነው። እባካችሁ ተዉት።

መፍትሄው ማጠብን መቀነስ ነው። ገና ለማይድህ ሕፃን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት ፊቱን፣ የአንገቱን እጥፋት፣ ብብቱንና መቀመጫውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ 37 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። በእጃችሁ ሳይሆን በክርናችሁ ለኩት፣ እጃችን ሙቀት ለምዷል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ተጠቀሙ፤ እሱንም የቆሸሸው ቦታ ላይ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ።

ከውሃው ሲወጣ አትሹት። በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ቆዳው ትንሽ እርጥብ እንዳለ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ቫዝሊን ለቆዳው ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይከድናል። ደርቆ ያበቃ ቆዳ ላይ ብትቀቡት የምትከድኑት ድርቀቱን ነው። በእኛ ቤት ቅባቱ እዚያው ሳፋው አጠገብ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይጠብቃል።

ገና በተወለደ ሕፃን ላይ ግን አትደንግጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጅና እግሩ መላጡ የተለመደ ነው፣ ራሱ ይጠፋል። ሲወለድ የሚሸፍነው ነጭ ነገርም ቆሻሻ አይደለም፣ ቆዳውን ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን ገላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አዘግዩ የሚለው አንድም ለዚህ፣ አንድም ሕፃኑ እንዳይበርደው ነው።

እየቀባሁትም ይደርቃል

እንግዲያው የምትቀቡትን እንይ። ቅቤ የእናቶቻችን ፍቅር ያለበት ነገር ነው፤ ማሸቱን እኔም እወደዋለሁ፣ ልጁም ይረጋጋበታል። ግን ለጋ ቅቤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጀርምም ሊይዝ ይችላል። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይቀባም። የወይራ ዘይት ደግሞ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ስለሚበዛበት የቆዳውን መከላከያ ያላላል። በዘይት ማሸት የምትፈልጉ ከሆነ የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል። በባንግላዴሽ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በዚህ ዘይት ሲታሹ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዛቸው ኢንፌክሽን ቀንሶ ታይቷል።

ግሊሰሪን ውሃ ይስባል። አየሩ ደረቅ ከሆነና ብቻውን ሳይቀጥን ከተቀባ የሚስበው ከልጁ ቆዳ ነው። ሎሽን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለሙቀት ወራት ይሆናል እንጂ ለደረቀ ቆዳ አቅም የለውም። "ለሕፃናት" ተብሎ የሚሸጠው ደስ የሚል ሽታ ያለው ሎሽን ሽቶ ስላለበት ብዙ ልጆችን ያስቆጣል።

ለፀሐይ ስታወጡትም ቀብታችሁ አታውጡት። በጠዋቱ ፀሐይ ትንሽ ደቂቃ፣ ያለ ቅባት።

እኔ የተሳሳትኩት ሦስት ነገር በአንድ ሳምንት በመቀያየሬ ነው። የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳባሰ ማወቅ አልቻልኩም። አንዱን ያዙ፣ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሩ፣ ካልተቆጣ አንድ ሳምንት ጊዜ ስጡት።

ጉንጩና አገጩ ላይ ብቻ ነው

ለሃጭና ወተት ነው። ጥርስ ሊያወጣ ሲል ለሃጩ ይበዛል፣ እኛም ደጋግመን እንጠርጋለን፣ መጥረጉ ራሱ ይልጠዋል። ከመጥባቱና ከመተኛቱ በፊት ስስ ቫዝሊን ቀቡት። ለሃጩን አትፈግፍጉት፤ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉት። የረጠበውን የአንገት ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

አንገቱ፣ ደረቱና ጀርባው ላይ ደቃቅ ሽፍታ ወጣ

ይህ ድርቀት ሳይሆን ሙቀት ነው። ብርድ ይመታዋል እያልን ሹራብ፣ ፎጣ፣ ከላይ ጋቢ እንደርብበታለን። ላቡ መውጫ ያጣና ሽፍታ ይሆናል። እዚህ ላይ ቫዝሊን መቀባት ያባብሰዋል። ልብስ ቀንሱ። እጁና እግሩ ቀዝቀዝ ማለቱ አያታልላችሁ፣ ማጅራቱን ዳስሱ። ላብ ካለው ሞቆታል ማለት ነው።

ልብስ በሚነካው ቦታ ሁሉ ይቆጣል

ዱቄት ሳሙናን ጠርጥሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብስ በደንብ ማለቅለቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያለውን ውሃ ለሕፃኑ ልብስ ቅድሚያ ስጡ። ሳሙናውን ቀንሱና ሁለቴ አለቅልቁ። ማለስለሻና ሽቶ ያለበት ነገር አይግባበት። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አታልብሱት፣ የልብሱ አንገት ላይ የተሰፋውን ምልክትም ቁረጡለት። ሱፍ ሹራብ ከሆነ ከሥሩ ጥጥ ይኑር። እኛም ሽቶ የነካው ነጠላ ለብሰን ስናቅፈው ፊቱን እዚያ ላይ እንደሚያሽ እናስታውስ።

ያሳክከዋል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ይመጣል

ይህ ችፌ ሊሆን ይችላል። በሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከጉንጭ ይጀምራል፣ ወደ ክንድና እግር ይወርዳል፤ ከፍ ሲሉ ክርንና ጉልበት እጥፋት ውስጥ ይገባል። ዳይፐር የሚሸፍነውን ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። ቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ካለ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በሐኪም መጻሕፍት "ይቀላል" ተብሎ የሚጻፈው ነገር እኛ ልጆች ላይ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ደቃቅ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ ዳስሱ። ሸካራና ሞቅ ያለ ነው? ልጁ ፊቱን ትራሱ ላይ ያሻል? ሲድን ነጣ ያለ ቦታ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ለምጽ ነው ብለው የሚደነግጡ እናቶች አሉ። አይደለም፣ በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል።

መሠረቱ ከላይ ያልኩት ነው፦ አጭር ገላ፣ በቀን ቢያንስ ሁለቴ ወፈር ያለ ቅባት፣ ቆዳው ደህና በሆነበት ሳምንትም ሳይቋረጥ። ጥፍሩን አጭር አድርጉ። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዘዋልና ቡና ሲፈላ ልጁን ከከሰሉ አርቁ።

ቆዳው ሲቆጣ ሐኪሙ ቀለል ያለ የስቴሮይድ (ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት፣ ለምሳሌ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ሊያዝ ይችላል። ስሙን ሰምታችሁ አትሽሹ፤ በታዘዘው መጠንና ቀን ከተቀባ ይረዳል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። አንድ ፋርማሲ ገብቼ "ለሕፃን ሽፍታ" ስል ያለ ማዘዣ ቤታሜታዞን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ከፀረ ፈንገስ ጋር የተቀላቀለበት ቅባት ሰጡኝ። ዶክተሯ ባታስቆመኝ ፊቷን ቀብቻት ነበር። እንዲህ ያለው በሁለት ቀን ተአምር ይመስላል። ሲደጋገም ግን የሕፃኑን ቆዳ ያሳሳል፣ በቆዳው በኩልም ወደ ሰውነቱ ይገባል። ስሙን ሳታነቡና ሐኪም ሳያየው አትቀቡ።

"ወተትና እንቁላል ተይ" የምትባል የምታጠባ እናትም ብዙ ናት። በግምት ምግብ መተው እናቲቱን ይጎዳል። ልጁ ከበላ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነቱ የሚያባብጥ፣ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም የሚታይ ከሆነ ለሐኪም ይነገር፤ ምን እንደሚቀር የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌሊት ይብስበታል፣ እኛም ማከክ ጀመርን

እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በሕፃናት ላይ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ይወጣል። ቫዝሊን አያድነውም፣ ስቴሮይድ ደግሞ ይደብቀዋል። ሕክምናው ለመላው ቤተሰብ አብሮ፣ በተመሳሳይ ቀን ነው፤ ልብስና አንሶላም አብሮ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ልጁ ሁለት ወር ካልሞላው የእከክ መድኃኒት ያለ ሐኪም አይነካው።

ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ የሚያስሄድ

መግል የቋጠረ ወይም ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያለው ቁስል። በጣም የተነጫነጨ ወይም ጡት እንቢ ያለ ልጅ። ከሦስት ወር በታች ሆኖ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት። ለማይለቅ ችፌ ጤና ጣቢያው ወደ ቆዳ ሐኪም ሊልካችሁ ይችላል፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

ከሁሉም የከፋው፣ ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠሩ ደቃቅ እብጠቶች ተጠጋግተው ሲወጡ ነው። ይህ ከንፈር ላይ ምች የምንለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በሕፃን ላይ በፍጥነት ይዛመታል። ሌሊት ከሆነም እስኪነጋ አትጠብቁ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ደግሞ ቁስሉ ደርቆ እስኪድን ልጁን አይሳም፣ አያትም ቢሆኑ።