ደባልዎ ራሷን እንዳትጎዳ ሲሰጉ

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች አንዲት ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው መኖራቸው የተለመደ በመሆኑ፣ የአንዷን መታመም ከወላጆቿም ከሐኪምም ቀድማ የምታስተውለው ደባሏ ናት። እንቅልፍ ማጣቷ፣ ከሰው መሸሿ፣ ከሥራ መቅረቷ ያሳስባል፤ የምትወደውን ነጠላ አጣጥፋ «አንቺ ልበሺው» ማለቷ ወይም ለሳምንታት ስታለቅስ ቆይታ ድንገት መረጋጋቷ ግን ይበልጥ ሊያስደነግጥ ይገባል።

ሌሎቹ ከክፍሉ ሲወጡ ጠብቀው በግልጽ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብዙ ሰው ሐሳቡን እኔው አስገባባታለሁ ብሎ ይፈራል፤ መጠየቅ ግን ሐሳቡን አያመጣም፣ ብዙውን ጊዜ ሸክሟን ያቀልላታል እንጂ። አዎ ካለች በምንና መቼ እንዳሰበች ይጠይቁ። «አይዞሽ፣ ያልፋል» የምንለው ከልብ ቢሆንም ቶሎ ከተነገረ አፍ ማስያዣ ይሆናልና፣ ተናግራ እስክትጨርስ ዝም ብለው ያዳምጡ። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብትል ቃል አይግቡላት። አየር እንድትቀበል ብሎ ወደ ፍቅር ሐይቅ መውሰድ የከተማችን ልማድ ነው፤ ስለ ሞት ለምታስብ ሰው ግን ውኃ ዳር አይመረጥም።

የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ ክኒንና ቢላ ካለ አውጥተው አከራይ ዘንድ ያስቀምጡ፤ መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሉ ውጭ ከሆነም እስከ በሩ አብረዋት ይሂዱ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እሰማለሁ ካለች አይከራከሯት፣ የሰሙም አይምሰሉ፤ «እኔ አልሰማሁም፤ አንቺን ግን እንዳስፈራሽ አያለሁ» ማለት ይበቃል።

ራሷን ለማጥፋት ቆርጣ ከሆነ ወይም አንዳች ነገር ከዋጠች እስኪነጋ አይጠበቅም። በባጃጅ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟት፣ በተለምዶ «ሪፈራል» ወደምንለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የዋጠችውን ነገር ከነመያዣው ይዘው ይሂዱ። ወተት ማጠጣትም ሆነ በግድ ማስመለስ ጉዳቱን ሊያብስ ስለሚችል ይቅር።

ሐኪም የድባቴ (የከባድ መከፋት ሕመም) መድኃኒት ካዘዘላት፣ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ጸበል ወይም ጸሎት ቤት መሄድ ከፈለገች አብረዋት ይሂዱ፣ ክኒኑን ግን በዚያ ምክንያት እንዳታቋርጥ ይከታተሏት። እርስዎ የማታ ፈረቃ በሚገቡበት ሳምንት ማን አብሯት እንደሚያድር ከእህቷ ወይም ከሌላዋ ደባል ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።