ሰርተፊኬቱ ተሰቅሏል፣ ካርዱ ግን የለም፦ የጤና ኃላፊዎችን ስናሰለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ ሲገባ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ባሉት ሆቴሎች ባዶ አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ እንዳይመለስ ሁሉም ስልጠና ያዘጋጃል። የጤናው ዘርፍም ከዚህ አያመልጥም። የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሁሉም በዚያ ሰሞን «ለውጥን መምራት» ሊማር ይመጣል።

እኔም እነዚህን አዳራሾች አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ሠልጣኝ ነበርኩ፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆንኩ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻለሁ።

ሰውየውን ከሥራው ነጥሎ ማሰልጠን

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ጊዜ የአምስት ቀን ስልጠና ሰጥተን ጨረስን። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የለውጥ ደረጃዎች፣ ምን ያልነገርናቸው አለ! ከሳምንታት በኋላ ከሠልጣኞቹ አንዱን ልጠይቅ መሀል ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሰርተፊኬቱ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ በጥሩ ፍሬም ተሰቅሏል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ስወጣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። የደም ግፊት ታካሚ ናቸው።

«እናቴ፣ ካርድዎ አልተገኘም። አዲስ ላውጣልዎ?»

«ባለፈውም አዲስ ነው ያወጣሽልኝ፣ ልጄ።»

ሦስተኛ ካርዳቸው ነበር። ያለፈው የግፊት ልኬታቸው፣ የተቀየረላቸው መድኃኒት፣ ሁሉም የጠፋው ካርድ ላይ ነው። የሚያያቸው ባለሙያ ከዜሮ ሊጀምር ነው።

ተመልሼ ኃላፊውን ጠራሁት። አንድ ካርድ ከመደርደሪያ ከወጣ በኋላ የት የት እንደሚሄድ በእግራችን ተከተልን። ምርመራ ክፍል መሳቢያ ውስጥ የከረሙ ካርዶች አገኘን። ላቦራቶሪም ነበሩ። ማታ ማታ ካርድ ሰብስቦ የሚመልስ ሰው አልተመደበም። ሁሉም «የካርድ ክፍል ሥራ ነው» ይላል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ ከመስኮቱ መነሳት አትችልም።

የተወሰነው ነገር ቀላል ነው። አንድ ሠራተኛ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ እየዞረ ይሰበስባል። ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣም በቦታው የት እንደሄደ የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጣል። በቃ። በአምስቱ ቀን ግን ይህን ጥያቄ ማንም አላነሳውም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሌላ መንገድ እንዳለ እዚሁ አገር ታይቷል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ሲጀመር ተማሪዎቹ ሆስፒታል የሚመሩ ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ጥቂት ሳምንት ይማራሉ፣ ተመልሰው ይሠራሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። የቤት ሥራቸው የራሳቸው ሆስፒታል ነው። ማስተርስ ባይሆንም ይህን አካሄድ የሁለት ቀን ስልጠናም ሊወስደው ይችላል። ሠልጣኙ ሲመጣ አንድ የራሱን ችግር ይዞ ይምጣ፤ አለቀ።

ኃላፊውን ብቻ መላክ

መጀመሪያ ነገር፣ «የአበሉ ተራ የእሱ ነው» ተብሎ የሚላክ ሰው አለ። እሱን እንተወው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ትክክለኛው ሰው ቢላክም ብቻውን ከሄደ ችግር ነው። ሰኞ ሲመለስ አዲስ ቋንቋ ይናገራል። ሜትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ታየዋለች፣ ፋይናንሱ ያየዋል፣ ፋርማሲው «ይሄ ሰው ምን ነካው?» ይላል። ሦስት አራት ሆነው ከመጡ ግን ክርክሩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያልቃል። በእኔ ልምድ ጥሩ ውሳኔ የሚወለደው በሻይ እረፍት ላይ ነው፤ ፋይናንሱና ፋርማሲው አንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ።

ጎበዝ ሐኪም ገንዘብም ያውቃል ብሎ ማሰብ

የሚሾመው ብዙ ጊዜ ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ። በሽታ ያውቃል። የግዥ መመሪያ ግን ማን አስተማረው?

ድሮ ጤና ተቋማት ከታካሚ የሰበሰቡትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። የጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ሲመጣ ገቢያቸውን ይዘው ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ፣ በቦርድ እየታየ። ትልቅ ሥልጣን ነው። ሠልጣኞችን ግን «ባለፈው ዓመት የውስጥ ገቢያችሁ ስንት ነበር? በምን ላይ ዋለ?» ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ ጸጥ ይላል። መልሱ ያለው ፋይናንሱ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተጋበዘም። ለራዕይ የምንሰጠውን ግማሽ ቀን የራሳቸውን የበጀት ወረቀት ለማንበብ ብናውለው ይሻላል።

ለውጥን በስሙ ማስተማር

ቢፒአር (የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ። ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) መጣ። ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) መጣ። በ2002 የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ ተተካ። በየጊዜው ኃላፊዎቹን ሰብስበን አዲሱን ስም እናስተምራለን። ያለፈው ምን ሠራ፣ ምን ከሸፈ የሚለው አይነሳም። ሠልጣኙም ለምዶታል፤ ፊቱን ስታየው «ይሄም ያልፋል» ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ከስሙ ይልቅ አካሄዱን ብናሳይስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአንድ ቀን አገር ላይ አልተጫነም። በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፣ ከዚያ ሰፋ። በትንሹ ሞክሮ፣ አይቶ፣ ማስፋት። ካርድ ክፍልም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል።

ቁጥር ለበላይ አካል ብቻ ነው ማለት

ሪፖርት እንዴት እንደሚሞላ በደንብ እናስተምራለን። የተሞላው ቁጥር ምን እንደሚል ግን አንጠይቅም። የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል ጀምረው አራተኛውን ያላጠናቀቁ እናቶች ስንት ናቸው? የሚኖሩት የት ሰፈር ነው? ኃላፊው ይህን ከራሱ መዝገብ ማውጣት ካልቻለ ሪፖርቱ ለእሱ ሸክም ብቻ ነው።

ከስልጠናው በኋላ መጥፋት

ፎቶ ተነስተን፣ አበል ፈርመን እንለያያለን። ማንም አይደውልም። የሠለጠነው ሰውም ብዙ ሳይቆይ ይዛወራል።

ያ ኃላፊም ተዛወረ። ሰርተፊኬቱን ይዞት ሄደ፤ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ባለፈው ስደውል እንደነገሩኝ አዲሱ ኃላፊ «ይሄ ሁሉ ወረቀት መደርደሪያው ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ ሊያስነሳው ነበር። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ አላስነካም ብላለች።