ልጆቻችን የሚሰሙት ሙዚቃ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት የኛን ብሎክ ደረጃ የወጣ ሰው ሦስት ዓለም ያልፋል። ከአንደኛ ፎቅ መዝሙር፣ ከሁለተኛው የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከኛ ቤት ደግሞ የልጄ ስልክ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ 5። በሙዚቃ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል። አብዛኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ወላጅ እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

«ይሄ ደሞ ዘፈን ነው?» ማለት

አንድ ቀን ከሳሪስ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጄ አንዱን ኤርፎን ከጆሮዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ይቺን ስማት።» ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሰማሁም። «ይሄ ደሞ ዘፈን ነው? ግጥም የለው፣ ዜማ የለው» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ኤርፎኑን በልብሷ ጠርጋ መልሳ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ምንም አላሰማችኝም።

አባቴም እኔን እንዲሁ ብሎኝ ያውቃል። እሱ ያደገው በነጥላሁን ገሠሠ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን ነው። ትራምፔትና ሳክስፎን ከሌለበት ሙዚቃው ጎዶሎ ነው። እኔ ደግሞ ጎረምሳ የሆንኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ነው። «የማሽን ጩኸት» ይለው ነበር። ዛሬ ያንን «ጩኸት» ታክሲ ውስጥ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ምክንያት አለው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ አጥርቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ መሆኑን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ከቤት መውጣት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ዘፈኑም አብሮ ይቀመጣል። እና ልጄ በ50 ዓመቷ እንባዋ የሚመጣበትን ዘፈን ነው እኔ በግማሽ ደቂቃ ያጣጣልኩት።

እስከ መጨረሻው ስሙላቸው። የቱን ቦታ እንደወደዱት ጠይቋቸው። ግጥሙ ስድ ከሆነ ስለዚያ ግጥም ብቻ ተነጋገሩ፤ ትውልዱን በሙሉ አትስደቡ።

ሙዚቃን የቤት ሥራ ማድረግ

ከጸጸቴ በኋላ ወደ ሌላ ስህተት ገባሁ። ሁለቱንም ሶፋ ላይ አስቀምጬ አራቱን የሙዚቃ ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ላስተምር ተነሳሁ። ትንሹ ወዲያው ተኛ። ትልቋ በትህትና ጠበቀችኝና «ጨረስክ?» አለች።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ክረምሃንስል በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ ዓይኔን ገልጦልኛል። የተጠኑት ወጣቶች ዕድሜያቸው 20 አካባቢ ነበር። ከራሳቸው ዘመን ዘፈን ሌላ፣ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ከወጡት ዘፈኖች ጋርም ልዩ ትዝታ ነበራቸው። ያ በትምህርት የሚመጣ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ሲኖር የሚገባ ነገር ነው።

አባቴ አንድም ቀን «ቁጭ በልና ስማ» ብሎኝ አያውቅም። ቅዳሜ ቡና ሲቆላ ቴፑን ይከፍታል፣ በቃ። ክሩ ሲላላ ካሴቱን ወደኔ ይወረውራል። እኔ ቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርሶች መሃል ሰክቼ ክሩ እስኪጠብቅ አሽከረክራለሁ። የቡናው ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ የጥላሁንን ድምፅ የለመድኩት እንደዚያ ነው።

ሕፃኑን ለስልክ መተው

«ገና ሕፃን ነው፣ ምን ይገባዋል» እንላለን። ግን ልጅ ከእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ጀምሮ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ የ6 ወር ልጅ የባልካን አገሮችን እንግዳ ምት እንኳ ሲዛነፍ እንደሚለይ አሳይቷል። 12 ወር ሲሞላው ግን ጆሮው ወደለመደው ምት ያደላል። ታዲያ በዚያ ዓመት ውስጥ የሚሰማው የዩቲዩብ የእንግሊዝኛ መዝሙር ብቻ ከሆነ የኛን ችክችካ ከየት ያምጣው? እሹሩሩ በሉት። ድምፃችሁ ባያምርም ግድ የለም፤ ለሱ ከናንተ ድምፅ የሚበልጥ የለም።

«በማይገባህ ቋንቋ ምን ያስጨፍርሃል?»

ትንሹን ይህን ያለው አንድ ዘመዳችን ነው። ልጁ ከጎረቤት ልጆች የተማረውን የኦሮምኛ ዘፈን ትከሻውን እየነቀነቀ ሲዘፍን። እዚህ ሰፈር ልጆች ኳስም ዘፈንም የሚጋሩት በሁለት ቋንቋ ነው። ጥላሁን ራሱ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። ቃሉ ካልገባችሁ ጎረቤት ጠይቁ። እኛ እንደዚያ አድርገን ነው ከሁለተኛ ፎቅ ጋር ቡና መጠራራት የጀመርነው።

የቀድሞውን ጆሮ መደበቅ

ታላቅ እህቴ ልጅ ከወለደች በኋላ ዘፈን ትታ ወደ መዝሙር ገባች። ካሴቶቿን በካርቶን ለኔ ሰጠችኝ። ውሳኔዋን አከብራለሁ፤ እኔም በገና ስሰማ ውስጤ ይረጋጋል። ግን ለዓመታት ልጆቿ ፊት ዘፈን ሰምታ እንደማታውቅ ሆነች። የኋላ ኋላ ልጇ ከነዚያ ካሴቶች አንዱ ላይ የእናቷን ስም በእናቷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ አገኘች። እናቷ ለምን እንደወደደችው፣ ለምን እንደተወችው ሁሉንም ነገረቻት። ያን ቀን ሁለቱ እስከ ማታ ሲያወሩ ዋሉ።

ስለ ድምፅ መጠን አጭር ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ80 ዴሲቤል ሳይበልጥ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ለልጅ 75። ልጃችሁ ኤርፎን አድርጎ አጠገቡ ሆናችሁ ስትጠሩት ካልሰማ ቀንሱለት። ጂፓስ ስፒከር ያላችሁ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ መሆኑን አትርሱ።

«የኔ ጊዜ አለፈ» ብሎ ማቆም

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥተን ከምሽቱ 2 ሰዓት እንገባለን። ሻይ፣ የቤት ሥራ፣ እንቅልፍ። እኔም ለዓመታት ምንም አልሰማሁም፤ ልጆቼም የምወደውን ነገር ሳያውቁ አደጉ። አሁን ማታ ሰሃን ሳጥብ አንድ ዘፈን እከፍታለሁ፣ አንድ ብቻ። ትንሹ ወንበር ላይ ቆሞ ማንኪያ ያደርቃል። ዋሽንቱ ሊገባ ሲል ቀድሞ በአፉ ያስገባዋል።